ሞላውን አጠንክረው ያልሁት እኔ ነኝ



በዚህ ገጽ ላይ ዘወትር የምጽፍላችሁ ስለ በዓላትና ስለ ሰንበት ንባባት ነው። ዛሬ ግን ስለ ሞተር ሳይክል ሞላ እጽፋለሁ። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከእናንተ መካከል ቀንም ሌትም በሁለት ጎማ ላይ ሆነው እንጀራቸውን የሚያገኙ ወንድሞች መኖራቸው ነው። ሁለተኛው፣ ከእነዚህ ወንድሞች አንዱን በቅጡ በማላውቀው ነገር መክሬ ለአደጋ የዳረግሁት እኔ ራሴ መሆኔ ነው። ይህን ጽሑፍ ከእናንተ በፊት እሱ አንብቦታል፤ ስሙን እንዳልጠቅስ ብቻ ለምኖኛል።

ነገሩ የተጀመረው በፍልሰታ ጾም አንድ ምሽት ነው። አል ኑዓይሚያ ውስጥ ስድስት ሆነው በአንድ ክፍል የሚኖሩ ልጆቻችን ቤት ለጸሎት ሄጄ ነበር። ሰፈሩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከሻርጃ ጋር የሚዋሰን፣ ፎቅ ከፎቅ ጋር የተጠጋጋበት፣ ከሥር ግሮሰሪ፣ ልብስ ማጠቢያና ሻይ ቤት የተደረደረበት የዐጅማን ሰፈር ነው። ሲመሽ ከየሕንፃው ግርጌ ትልልቅ ሳጥን የተጫነባቸው የዴሊቨሪ ሞተሮች ጎን ለጎን ይቆማሉ። የነሐሴ ሌሊት ስለሆነ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንኳ አየሩ ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ወላፈን ፊት ይለበልባል።

ጸሎቱ ሲያበቃ አንዱ ልጅ ሊሸኘኝ አብሮኝ ወረደ። ከሞተሩ አጠገብ ስንደርስ ቆመና፣ «አባ፣ እስኪ ይችን ሞተር ይዩልኝ። ሳጥኑ ሲሞላ ኋላዋ ቁጭ ይላል፤ ጉብታ ላይ እስከ ብረቱ ትመታለች፤ መሪው ደግሞ እጄ ላይ ይቀልለኛል» አለኝ። እኔ በአገር ቤት ለዓመታት ሞተር እንደነዳሁ ያውቃል። ኮርቻውን በመዳፌ ተጫንሁት፤ ወደ ታች ወረደ፤ ብዙም ሳይቃወመኝ ተመለሰ። እንደ ባለሙያ ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ «ሞላዋ ደክሟል ልጄ። ጠንከር ያለ፣ ከፍም ያለ ሞላ አስገባላትና አጠንክረው» አልሁት።

የወርቅ ቀለም የተቀባ አንድ ጥንድ ሞላ ሱቅ ውስጥ አይቶ እንደነበር፣ ነገር ግን እስከ ደመወዝ ቀን ገንዘብ እንደሌለው ነገረኝ። ከኪሴ ሁለት መቶ ድርሃም አውጥቼ ሰጠሁት። እየሳቀ እጄን ሳመ። ያን ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ ደስ ብሎኝ ነበር። እንደዚያ ቀን ልቤ የረካበት ስጦታ ጥቂት ነው።

ያን ምክር ከየት እንዳመጣሁት ልንገራችሁ። ከዘርዐ ክህነት ወጥቼ በተሾምሁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያገለገልሁት በጉራጌ ምድር፣ በእምድብር አካባቢ ነበር። ከቁምስናው ወደ ገጠሩ ጸሎት ቤቶች የምመላለሰው በአንድ አሮጌ ያማሃ ነው። በእንሰት ማሳዎች መካከል የሚያልፈው መንገድ በበጋ ኮረኮንች፣ በክረምት ቀይ ጭቃ ነበር። ከኋላዬ አንድ ቀን የዱቄት ከረጢት፣ አንድ ቀን የትምህርተ ክርስቶስ መጻሕፍት፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ አስተማሪው ራሱ ይቀመጣል። ሞተሩ ጉድጓድ በገባ ቁጥር የኋላው ሞላ እስከ መጨረሻው ታጥፎ ብረት ከብረት ይጋጭ ነበር። ወልቂጤ ላይ አንድ መካኒክ ወፍራም ሞላ አስገባልኝና ግጭቱ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሞላ ሲጠነክር ይሻላል» የሚል ትምህርት በልቤ ተጻፈ። ከሃያ ዓመት በኋላ ያንኑ ትምህርት አውጥቼ አል ኑዓይሚያ ላይ ሰበክሁት።

ያላስተዋልሁት ነገር ቀላል ነበር። በእምድብር መንገድ ላይ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ የነዳሁበትን ቀን አላስታውስም። ያለ ጭነትም የሄድሁበት ቀን ጥቂት ነው። ይህ ልጅ ግን ጭኖ ይሄዳል፣ ባዶውን ይመለሳል፤ የሚሄድበትም ለስላሳ አስፋልት፣ የሚነዳውም በእጥፍ ፍጥነት ነው። ለዝግታና ለጭነት የሚበጀው ለፍጥነትና ለባዶ ሳጥን አይበጅም።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ሌሊት፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ፣ የመጨረሻውን ዕቃ ሻርጃ አድርሶ በኢቲሓድ መንገድ ወደ ዐጅማን ይመለሳል። ሳጥኑ ባዶ ነው። ፍጥነቱ 80 ገደማ ነበር። ከድልድይ መጋጠሚያ ላይ ሲያልፍ የኋላው ጎማ እንደ በቅሎ ወደ ላይ ፈነጠረ፤ ሲመለስ ደግሞ መሪው ግራና ቀኝ መርገፍገፍ ጀመረ። ልጁ ደንግጦ መሪውን በሙሉ ኃይሉ ጨበጠ፤ ፍሬኑንም ያዘ። ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው አስፋልቱን ብቻ ነው። ከኋላው መኪና አልነበረም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የራስ ቁሩ ተሰንጥቋል፤ ጃኬቱ ክንዱ ላይ ተቀዶ አልቋል፤ የሰውነቱ ጉዳት ግን የደረት ማገሩን ከትከሻው የሚያገናኘው አጥንት መሰበርና የክንዱ መላላጥ ብቻ ሆነ።

ሆስፒታል ስደርስ ክንዱ በአንገቱ ላይ ታስሮ ተቀምጧል። ገና ሳልጠይቀው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አባ፣ ስለ ሞላው ለማንም አልተናገርሁም። አይጨነቁ» አለኝ።

ወገኖቼ፣ ይህ ቃል ከማንኛውም ወቀሳ ይልቅ ከበደኝ። ሞተሩ የሚሠራበት ድርጅት ንብረት ነው፤ ያለ ፈቃድ አካሉ ተለውጧል፤ የጥገናውን ዋጋ የሚጠየቀው እሱ ነው። የሚከፈለውም ባደረሰው ዕቃ ቁጥር ስለሆነ አጥንቱ እስኪገጥም ላሉት ስድስት ሳምንታት ገቢ የለውም። በአገር ቤት የእሱን መላክ የሚጠብቅ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ታናሽ ወንድም አለው። በማግስቱ አብሬው ወደ ኃላፊው ሄድሁና ምክሩ የእኔ እንደነበር ተናገርሁ። በትሕትና አዳመጡኝ፤ ቅጣቱ ግን አልቀረም። ከተቆረጠበት ገንዘብ ግማሹን ሸፈንሁለት። ስድስቱን ሳምንታት ግን ልመልስለት አልቻልሁም።

ቢያንስ ምን እንዳጠፋሁ ማወቅ ነበረብኝ። ልጁ ሻርጃ ኢንዱስትሪ አካባቢ ወደሚገኙ አንድ የኬረላ ሰው ወሰደኝ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ በሞተር ጥገና ያሳለፉ ናቸው። እኔ በእንግሊዝኛ፣ ልጁ መንገድ ላይ በተማረው ሂንዲ እየተጋገዝን ጠየቅናቸው። እሳቸው መልስ ከመስጠታቸው በፊት የወርቅ ቀለም የተቀባውን ሞላ ፈትተው ከአሮጌው ጎን አቆሙት። አዲሱ በሁለት ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ከዚያ የአዲሱን ጫፍ መሬት ላይ አስደግፈው ወደ ታች ተጫኑትና ለቀቁት። እንደ ኳስ ነጥሮ ተመለሰ። አሮጌውንም እንዲሁ አደረጉት፤ ደክሞ ነበርና እሱም ነጠረ። በመጨረሻ ከመደርደሪያ ላይ አዲስ፣ ፋብሪካው ለዚያ ሞተር የሠራውን አውርደው ተጫኑት፤ ይህኛው ቀስ ብሎ፣ ተጎትቶ ወጣ። «ልዩነቱ ዘይቱ ነው» አሉን።

እኛ በአገራችን ጋራዥ ብዙ ጊዜ ነገሩን ሁሉ «ሞላ» ብለን እንጠራዋለን። በእውነቱ ግን እዚያ ውስጥ ሁለት ሠራተኞች አሉ። አንደኛው ጥምዝ ብረቱ፣ ሞላው ነው፤ ሥራው ክብደትን መሸከም ነው። ሁለተኛው በመካከሉ ያለው፣ ዘይት የሞላበት ቱቦ፣ ጣልያኖች በተዉልን ቃል አሞርዛተር የምንለው ነው፤ ሥራው ሞላው እንዳይፈነጥር መግታት ነው። ሞላው ሲታጠፍ ኃይል ያጠራቅማል፤ ያንን ኃይል በአንዴ ከለቀቀው ሞተሩን ወደ ላይ ይወረውረዋል። ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች እየተጨመቀ ሲያልፍ ኃይሉን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ሞተሩም አንድ ጊዜ ተነሥቶ ይረጋል። ሞላው በጠነከረ መጠን የሚገታው ዘይትም በዚያው ልክ መበርታት አለበት። እኔ ያስገዛሁት ዕቃ ጠንካራ ሞላና ደካማ ዘይት ነበረው።

ይህ ልዩነት አዲስ ግኝት አይደለም። በቀደመው ዘመን ብዙ ሞተር ሳይክሎች የኋላ ሞላ ጨርሶ አልነበራቸውም፤ ነጂው የሚተማመነው ከኮርቻው ሥር ባለው ሞላ ብቻ ነበር። ከፊት ሞላ ነበር፤ ነገር ግን እንደ ልቡ ይዘል ነበር። የጀርመኑ ቢኤምደብሊው በ1935 እ.ኤ.አ. አር 12 በተባለው ሞተር ላይ፣ ቱቦ በቱቦ ውስጥ የሚገባና በዘይት የሚገታ የፊት ሹካ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በአል ኑዓይሚያ ጎዳና የምታዩአቸው የዴሊቨሪ ሞተሮች የፊት ሹካ ሁሉ የዚያ ልጅ ልጅ ነው። የሞተር ሳይክልን መርጋት የለወጠው ሞላው ላይ የዘይት ልጓም መግባቱ ነው።

መካኒኩ ቀጥለው ጣታቸውን ወደ ጎማው ዘረጉ። «ይህ ሁሉ የተሠራው ለእናንተ መቀመጫ ምቾት አይምሰላችሁ። ጎማው መሬት እንዳይለቅ ነው» አሉ። ጎማ መሬት ሲለቅ ፍሬንም መሪም የለም። ጎማ ጉብታ ላይ መውጣት ብቻ ሳይሆን ጉድጓድ ውስጥም ወዲያው መውረድ አለበት። ስለዚህ ነጂው ሲቀመጥበት ሞተሩ ጥቂት ዝቅ ማለት ይገባዋል፤ ጎማው ከሚንቀሳቀስበት ጠቅላላ ርቀት ሩብ እስከ ሲሶ ያህል። ርቀቱ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ያ ዝቅታ ለጎማው ወደ ታች የሚወርድበትን ቦታ ያስቀምጥለታል። ሞላው ከመጠን በላይ ሲጠነክር፣ በተለይ ሳጥኑ ባዶ ሲሆን፣ ሞተሩ ዝቅ አይልም፤ ጎማውም ጉድጓዱን ከመከተል ይልቅ በላዩ ይዘልላል። በመንገድ ላይ «ጠንካራ» የሚመስለን ስሜት ብዙ ጊዜ የጎማው መሬት መልቀቅ ነው።

ሁለት ሳንቲ ሜትሩስ ምን አደረገ? እዚህ ላይ የሱፐርማርኬት ጋሪን አስቡ። የጋሪው ትንሽ ጎማ ወደ ገፋችሁት አቅጣጫ ራሱን የሚያስተካክለው ለምንድን ነው? መሬት የሚነካበት ነጥብ ከሚዞርበት ብረት ኋላ ስለሚገኝ ነው፤ ይጎተታል፣ ይከተላል። የሞተር ሳይክል የፊት ጎማም እንዲሁ ነው። ሹካው ወደ ኋላ ያጋደለው በከንቱ አይደለም፤ ያ ማጋደል ጎማው የመሪውን መስመር ከኋላ እንዲከተል ያደርገዋል። ይህ የመከተያ ርቀት በእንደዚህ ያለ ትንሽ ሞተር ላይ ከ9 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የኋላው በሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል 130 ሳንቲ ሜትር ካለ፣ ሞተሩ አንድ ዲግሪ ለሚጠጋ ወደ ፊት ያጋድላል፤ ሹካው ይቆማል፤ የመከተያውም ርቀት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ያጥራል። በከተማ ውስጥ መሪው «ቀለለ፣ ታዘዘ» ይባላል። በ80 ፍጥነት ግን ያው ቅለት ጎማው ራሱን ለማቅናት ያለውን ኃይል ይቀንሳል። ከድልድዩ መጋጠሚያ ላይ የኋላው ሲፈነጥር ያ ማቅኛ ኃይል አነሰ፤ መርገፍገፉም መጣ።

ልጁ ይህን ሲሰማ፣ «ታዲያ መጀመሪያ ያስቸገረኝስ ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀ። እኔ መጠየቅ የነበረብኝ ጥያቄ ይህ ነው። መካኒኩ ሞተሩን ዳሰሱ። የኋላው ጎማ ነፋስ ጎድሎት ነበር። የፊት ሹካው ዘይት ከተቀየረ ዓመታት አልፈዋል፤ ማተሚያ ጎማው አልቆ ዘይቱ ወጥቷል። የመሪው ኩሽኔታ ተበልቶ መሪው መካከል ላይ ሲደርስ ቀጭ ይል ነበር። የኋላው አሞርዛተር በእርግጥ ደክሟል፤ ግን ከአራቱ ጥፋቶች አንዱ ብቻ ነበር። እኔ ኮርቻውን አንድ ጊዜ ተጭኜ ፍርድ ሰጠሁ።

አምስተኛውን ጥፋት ያገኘነው ከሳጥኑ ነው። ሳጥኑ የተተከለው ከኋላው ጎማ ማዕከል ወደ ኋላ ወጥቶ ነው። አንድ ተኩል ሊትር የሚይዙ 12 ጠርሙሶች ውሃ 18 ኪሎ ይመዝናሉ። ክብደቱ ከጎማው ማዕከል 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢያርፍ፣ እንደ ሚዛን ክንድ ሆኖ የፊቱን ጎማ ከ4 ኪሎ በላይ ያቀልለዋል፤ በኋላው ላይ ግን ከ22 ኪሎ በላይ ያርፍበታል። ነፋስ ሲጎድልና ሞላው ሲደክም ደግሞ የኋላው ይቀመጣል፣ የፊቱ የበለጠ ይቀልላል። «መሪው ይቀልለኛል» ያለው ቅሬታ ሥሩ እዚህ ነበር። መድኃኒቱም ቀላል ሆነ፤ ሳጥኑን የድርጅቱ ጋራዥ የተፈቀደውን ያህል ወደ ፊት አስጠጋለት፤ እሱም ከባዱን ዕቃ ከሳጥኑ ታችና ወደ ራሱ ጀርባ አስጠግቶ መጫን ለመደ።

በሁለት ጎማ የምትሠሩ ልጆቼ፣ ከዚያ ቀን የተማርሁትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ። ሁላችሁም የምትነዱት የሰው ንብረት ስለሆነ መጀመሪያ የምትነግሩት ለድርጅታችሁ ጋራዥ ነው፤ በዚህ አገር የሞተርን አካል ያለ ፈቃድ መለወጥ ያስቀጣል፣ አደጋ ሲደርስም ነገሩን ያከብዳል።

ከሁሉ በፊት ነፋሱን ለኩ፤ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ በሞተሩ ላይ በተጻፈው ልክ። ቀን ላይ ሲሞቅ ስለሚጨምር ብላችሁ አታስተንፍሱት፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ታገኙታላችሁ። ቀጥሎ ሞተሩን በሁለት እግር ማቆሚያው አቁማችሁ የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሡና የሹካውን እግሮች ከሥር ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቁ። ቀጭ ቀጭ ካለ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል ወይም ተበልቷል። ከዚያ የሹካውን ቱቦ በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ዘይት ከተገኘ ማተሚያው አልቋል፤ ያ ዘይት ወደ ፍሬኑ ከወረደ ደግሞ ጉዳቱ ሌላ ነው። በመጨረሻ ኮርቻውን ተጫኑና ልቀቁ። አንድ ጊዜ ወጥቶ ከረጋ ደኅና ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወዛወዘ የኋላው አሞርዛተር ሥራውን ትቷል።

ብዙ የዴሊቨሪ ሞተሮች ከኋላው ሞላ ሥር እርከን ያለው ቀለበት አላቸው። ቀለበቱን ማጥበቅ ሞላውን የሚያጠነክረው ለሚመስላችሁ፣ እኔም እንዲሁ ነበር የሚመስለኝ። ሞላው ያው ሞላ ነው፤ ቀለበቱ የሚለውጠው የሞተሩን ቁመት፣ ማለትም ከክብደቱ በታች ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ነው። ጭነት ሲበዛ አንድ ወይም ሁለት እርከን ከፍ አድርጉት፤ ባዶ ሲሆን መልሱት። ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ፣ ገንዘብም የማይጠይቅ ማሻሻያ ነው፤ በሁለቱም ጎን እኩል እርከን ላይ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ።

የዚህ አገር አየር የሚጨምረውንም አትርሱ። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ሲቀጥን የመግታት ኃይሉ ይደክማል። ርካሹ አሞርዛተር ጠዋት ደኅና ሆኖ በቀትር ሙቀት የሚወዛወዘው ስለዚህ ነው። የደቀቀው አሸዋ ደግሞ ከላብና ከቅባት ጋር ተለውሶ በሹካው ቱቦ ላይ እንደ ሞረድ ይሠራል፤ ማተሚያውን ይበላዋል። በየምሽቱ ቱቦውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ማሻሻል ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ለነጂውና ለጭነቱ ክብደት የተመጠነ ሞላ፣ ከእሱ ጋር የሚመጣጠን ዘይት፣ ፋብሪካው ካወጣው እኩል ቁመት፣ ከፊትም ከኋላም አብሮ የታሰበ ከሆነ ሞተሩ በጭነት ይረጋል፣ ፍሬን ሲያዝ ፊቱ በድንገት አይደፋም፣ ከጉብታ በኋላ መስመሩን ይይዛል። በመሸጫው ላይ ያለውን ቀለምና «ጠንካራ» የሚለውን ቃል አትመልከቱ። «ለስንት ኪሎ የተሠራ ነው? ቁመቱ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ መመለስ ካልቻለ አትግዙት።

ምናልባት መሪው መርገፍገፍ ቢጀምርባችሁ ደግሞ፣ ባለሙያው ለልጃችን የነገሩት ይህ ነው፤ መሪውን አትታገሉት፣ እጃችሁን ሳታጠብቁ ያዙ፤ ነዳጁን ቀስ በቀስ ቀንሱ፤ ሰውነታችሁን ወደ ፊት አድርጉ፤ ፍሬን በድንገት አትያዙ። ፍርሃት የሚያዘው የዚህን ሁሉ ተቃራኒ ስለሆነ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

አሁን ልጁ ወደ ሥራው ተመልሷል። የድርጅቱ ጋራዥ የፋብሪካውን አሞርዛተር አስገባለት፤ የሹካው ዘይትና ማተሚያ፣ የመሪው ኩሽኔታ ተቀየረ። በዚያው በኢቲሓድ መንገድ ላይ፣ በዚያው መጋጠሚያ ላይ፣ በመጀመሪያው ሌሊት ሲያልፍ እጁ እንደላበ ነግሮኛል። ሞተሩ አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ረጋ።

እኔስ? በካህንነቴ ሰዎች ብዙ ነገር ይጠይቁኛል፤ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ውል፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ገንዘብ። ስደት ላይ የሚጠየቅ ሰው ጥቂት ስለሆነ ጥያቄው ሁሉ ወደ ካህኑ ይመጣል። ከልብ የሚወድድ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን መመለስ ስለማይፈልግ ሳያውቅም ይመልሳል። ልጁ ያን ማታ የጠየቀኝ በእምነት ነበር፤ እኔም ከእምድብር ያመጣሁትን መልስ ሰጠሁት። አሁን በማላውቀው ነገር ስጠየቅ «አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰው አብረን እንፈልግ» ማለትን እየተለማመድሁ ነው። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ላይ ላለ ካህን ቀላል ልምምድ አይደለም።

ባለፈው ዓርብ ማታ አል ኑዓይሚያ ስሄድ ከሕንፃው ሥር የቆሙት ሞተሮች አራት ነበሩ። ልጁ ነጭ ጨርቅ ይዞ የአንዱን ባልደረባውን ሹካ ሲጠርግ አገኘሁት፤ ባልደረባው ፓኪስታናዊ ነው። ጨርቁን ከፍ አድርጎ አሳየኝ፤ መካከሉ ላይ ጥቁር የዘይት ክብ ነበረበት። «አባ፣ ይኸም ጋራዥ መሄድ አለበት» አለኝ። አብሬው ኮርቻውን ተጫንሁ። ሁለት ጊዜ ተወዛወዘ። ምንም አስተያየት አልሰጠሁም።

በመንገድ ላይ ያላችሁትን ሁሉ እግዚአብሔር በሰላም ወደየቤታችሁ ይመልሳችሁ።